በልኩ ስጡ፣ በጊዜው ቁረጡ

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ዕቅድ የማያወጣ ሰው ጥቂት ነው። ዘንድሮ ስፖርት እጀምራለሁ፣ ዘንድሮ ቋንቋ እማራለሁ፣ ዘንድሮስ ገንዘብ እቆጥባለሁ እንላለን። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጋመስ ግን አብዛኛው ዕቅድ ደብተር ላይ ቀርቷል። ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ያለንን ጉልበት በሙሉ እናፈሳለን፣ በሁለተኛው ሳምንት ውጤቱን እንፈልጋለን፣ በሦስተኛው ደክሞን እንተወዋለን። ፍላጎቱ ነበረን፤ የጎደለን ልክ ማወቅ ነው።

ልክ ደግሞ በንግግር አይለመድም፤ በእጅ ነው የሚለመደው። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ በጣም ትንሽ ነው፦ አንድ እሬት ትከሉ።

አዎ፣ ያንኑ ወፍራም ቅጠል፣ ጠርዙ እሾሃማውን፣ እናቶቻችን ለቃጠሎም ለፀጉርም የሚቆርጡትን እሬት። ቦታ አይፈጅም። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ይበቃዋል፤ የኪራይ ቤት መስኮት ይበቃዋል፤ በዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራችሁ የምታድሩበት ጠባብ ክፍል ብርሃን ካለው እዚያም ይኖራል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ብትረሱት አይቀየማችሁም። ከሁሉ በላይ ግን በየደረጃው አንድ ጥያቄ ያቀርብላችኋል፦ ምን ያህል ልስጥ? መቼ ልውሰድ? የት ላይ ላቁም? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ጣሳ አፈር ላይ መመለስ የለመደ ሰው በሥራው፣ በትዳሩ፣ በገንዘቡ ላይ ለመመለስ ድፍረት ያገኛል። ይህን ከልቤ አምናለሁ።

1. የምትተክሉትን እወቁ

አገራችን የእሬት አገር ናት። በኢትዮጵያ ምድር ከ30 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች በዱር ይበቅላሉ፤ ብዙዎቹ ከእኛ አገር ውጭ በየትም አይገኙም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል የኢትዮጵያንና የኤርትራን እሬቶች በመጽሐፍ ሰብስበው አስተዋውቀዋል። በሸዋ ደጋ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ቀይ አበባውን አንጨፍርሮ የሚታየው እሬት፣ በኦሮምኛ ሀርጊሳ፣ በትግርኛ ዕረ የሚባለው ቤተሰብ ሁሉ የዚህ ሀብት አካል ነው።

በየቤቱ በማሰሮ የሚተከለውና ክሬምና ሻምፑ የሚሠራበት ግን አንድ የተለየ ዝርያ ነው፤ ስሙ አሎ ቬራ ይባላል። የትውልድ ቦታው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የዐረብ ልሳነ ምድር ነው። ሲለዩት ቅጠሉ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ለስላሳ ጥርሶች አሉት፤ ልጅ ሳለ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ ሲያብብ አበባው ቢጫ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን አስፈለገ? ከእሬት ዝርያዎች መካከል መርዛማ የሆኑም ስላሉ ነው። መንገድ ዳር ወይም ተራራ ላይ ያያችሁትን ሁሉ ቆርጣችሁ ቆዳችሁ ላይ አታሳርፉ። ከዱርም አትንቀሉ፤ የዱር እሬቶቻችን ብርቅ ናቸው፣ ከአሎ ቬራ በስተቀር ሁሉም ዝርያዎች በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ጥበቃ የሚደረግላቸውም ለዚህ ነው። ችግኝ መሸጫ ሂዱና በስሙ ጠይቁ።

ወይም ከዚያም ቅርብ የሆነ መንገድ አለ። በየሰፈሩ እሬት ያላቸው አንዲት እናት አይጠፉም። ጠጋ ብላችሁ፣ «እትዬ፣ እሬትዎ ልጅ አውጥታለች መሰለኝ፤ አንዷን ይስጡኝ» በሉ። መልሳቸው «ውሰጂ ልጄ፣ ደግሞ ውሃ አታብዢባት» እንደሚሆን ከአሁኑ መገመት ይቻላል። በዚች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዚህ ጽሑፍ ግማሽ አለ።

ማንኛውንም አዲስ ነገር ስትጀምሩም እንዲሁ አድርጉ። የምትጀምሩትን ነገር በትክክለኛ ስሙ እወቁት፤ ከዚያ ቀድሞ የሠራውን ሰው ፈልጉ፤ ሳታፍሩ ጠይቁ። የሚጠየቅ ሰው ጠያቂውን ይወዳል።

2. ቦታውን አስተካክሉለት

እሬት ምርጥ አፈር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ውሃ የማያቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ብቻውን ለእሬት ሞት ነው፤ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ሥሩ ይበሰብሳል። ግማሽ ያህል ቀይ አፈር፣ ግማሽ ያህል ሸካራ አሸዋ ወይም ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ ቀላቅሉ። በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ካላችሁ አንድ እፍኝ ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ማሰሮው የሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሸክላ ትርፍ እርጥበትን በጎኑ ያስወጣል። ከሌለ የቀለም ባልዲም፣ የዘይት ጀሪካን ግማሹም ይሆናል፤ ብቻ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር እሬት አይኖርበትም። ስፋቱ ከተክሉ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፤ ትንሽ ተክል ትልቅ ባልዲ ውስጥ ሲቀመጥ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ርጥብ ሆኖ ይከርማል።

ከዚያ ብርሃን። ደማቅ ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ከጥላ አውጥታችሁ በአንድ ቀን ቀትር ፀሐይ ላይ ብታሰጡት ቅጠሉ ቀላ ብሎ ይቃጠላል፤ ቀስ በቀስ አለማምዱት። በተቃራኒው ጨለማ ጥግ ብታስቀምጡት ቅጠሎቹ ይገረጣሉ፣ ይሳሳሉ፣ ወደ ታች ይወድቃሉ። ደጋ የምትኖሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ይህ ዝርያ ውርጭ አይችልም። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁም ብርዱ ሲጀምር አስገቡትና ከቤታችሁ መስኮት ሁሉ ብዙ ፀሐይ የሚገባበትን ስጡት።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ እስካሁን ተክሉን ራሱን ምንም አላደረግነውም፤ የሠራነው በዙሪያው ባለው ላይ ነው። አፈሩን አላላን፣ ቀዳዳውን አበጀን፣ ብርሃኑን አመቻቸን። ለራሳችሁም ይህን አድርጉ። ጠዋት ማንበብ የፈለገ ሰው መጽሐፉን ትራስጌው ያኑር፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ያሳድር። ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ደመወዙ በገባበት ቀን ይቀንስ፣ ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ነገር አይጠብቅ። በፈቃድ ብርታት ብቻ የተጀመረ ነገር ፈቃድ ሲደክም ይቆማል። ቦታው የተመቻቸለት ነገር ግን እኛ ደክመን በምናድርበት ቀንም ያድጋል።

3. በልኩ አጠጡ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ቤት ውስጥ ያለ እሬት በጥማት የሚሞተው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ በተደጋጋሚ የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው። የሚገድሉትም የሚጠሉት ሰዎች አይደሉም፣ የሚሳሱለት ናቸው። በየጠዋቱ ጠብ ያደርጉለታል። አፈሩ አንድም ቀን ሳይደርቅ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል፣ አንድ ቀን ተክሉ ከነግንዱ ተገንድሶ ይገኛል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ፈጽሞ ከደረቀ በደንብ አጠጡት፤ ውሃው ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ከሥር የተጠራቀመውን ውሃ ድፉና እንደገና እስኪደርቅ እርሱት። በበጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይቆያል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብርሃኑ ሲቀንስና አየሩ ሲርስ ከዚያም ይረዝማል። ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ጣታችሁ ይፍረድ።

ቅጠሉ ራሱም ይናገራል። ሳስቶ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጫፉ ደርቆ ካያችሁት ጠምቶታል፤ አጠጡት፣ በጥቂት ቀን ይሞላል። ለስልሶ፣ ውሃ አርግዞ፣ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ካያችሁት ግን ጠግቧል፤ ከማሰሮው አውጡት፣ የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ቢላ ቁረጡ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀን ጥላ ላይ አስተኙት፣ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ እንደገና ትከሉት። ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከዚህ የምንማረው ለሰውም ለራስም ይሆናል። ልጁ የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣ እያንዳንዱን መስመር የምታርመው እናት ትወደዋለች። ሠራተኛው የሚሠራውን በየሰዓቱ የሚጠይቀው አለቃም ሥራውን ይወዳል። ሁለቱም ግን ሥሩ አየር የሚያገኝበትን ጊዜ ነፍገዋል። ራሳችሁንም በዚህ ዓይን እዩ። በአንድ ሳምንት ሦስት ሥልጠና ተመዝግባችሁ፣ አምስት መጽሐፍ ገልጣችሁ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ሩጫ ጀምራችሁ ከሆነ ያጠጣችሁት ለመስጠም ነው። አንድ ነገር በደንብ አድርጉ፤ ከዚያ እስኪገባችሁ ጊዜ ስጡት፤ ቀጣዩን ከዚያ በኋላ ጨምሩ።

4. የመዝጊያ ሰዓት ይኑራችሁ

እሬት በበረሃ እንዴት ይኖራል? ምስጢሩ ሌሊት ነው። አብዛኞቹ ዕፅዋት ቀን ቀን በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ረቂቅ ቀዳዳዎች ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፤ በዚያው ቀዳዳ ግን ውሃቸው ይተናል። እሬት በቀን ሐሩር ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውላል። ፀሐይ ጠልቃ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታቸዋል። ሌሊት ያስገባውን አየር በአሲድ መልክ አከማችቶ ያድርና ጠዋት ብርሃን ሲወጣ ቀዳዳውን ዘግቶ ካከማቸው ላይ ስኳር ይሠራል። ውሃውን ቆጥቦ የሚኖረው በዚህ ብልኀት ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ግልጥ ዝልግልግ ነገር ከመቶ 99 እጁ ገደማ ውሃ የሆነውም ስላጠራቀመ ነው።

ወገኖቼ፣ ሐሩር በበዛበት ዘመን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ መዋል ብርታት አይደለም። ስልኩ ሌት ተቀን ክፍት፣ መልእክት በመጣ ቁጥር መላሽ፣ ለተጠየቀው ሁሉ «እሺ» ባይ የሆነ ሰው ለራሱ ሥራ የሚሆን ጠብታ አይተርፈውም። ከቀኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ዝጉ። ጠዋት ቤተሰቡ ሳይነሣ ይሁን፣ ማታ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። በዚያ ሰዓት ለነገ የሚሆናችሁን አከማቹ፦ አንብቡ፣ ጸልዩ፣ ጻፉ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ዕረፉ። ነገ ብርሃን ሲወጣ የምትሠሩት ትናንት ባከማቻችሁት ነው።

5. በጊዜው ቁረጡ

ጀማሪ ሰው እሬቱን ባመጣበት ሳምንት ቅጠል መቁረጥ ይፈልጋል። ታገሡ። ተክሉ ብዙ ወፋፍራም ቅጠሎች አውጥቶ በእግሩ እስኪቆም ተዉት፤ ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ልጅ ቅጠል ስስ ነው፤ ብትቆርጡትም የሚሰጣችሁ ነገር የለውም።

ጊዜው ሲደርስ እንዲህ አድርጉ። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ከመካከል ይወጣሉ፤ እነሱን አትንኩ። ከዳር፣ ከታች በኩል ያለውን አሮጌና ወፍራም ቅጠል ምረጡ። በንጹሕ ስል ቢላ ከግንዱ ጥግ ቁረጡት። ወዲያው ከተቆረጠበት ቦታ ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ሽታው ሰርሳሪ ነው፣ ልብስ ከነካ ያቆሽሻል። ቅጠሉን የተቆረጠው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል አቁሙት፤ ቢጫው ይወርዳል። ከዚያ በውሃ እጠቡት፣ በጣውላ ላይ አስተኙት፣ በሁለቱ ጠርዝ ያሉትን ጥርሶች በቀጭኑ ቅረፉ፣ የላዩን አረንጓዴ ቆዳ በቢላው ከጫፍ ጀምራችሁ ግፈፉት። ከሥሩ እንደ መስታወት ግልጥ ሆኖ የሚያዳልጥ ዝልግልግ ታገኛላችሁ። በማንኪያ አውጡት፣ እንደገና በውሃ አለቅልቁት። የምትፈልጉት ይኸው ነው።

እንግዲህ በአንድ ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ አያችሁ። ከቆዳው ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚጠቀሙበት፣ ያ የታወቀው መራራ ነው። መካከል ያለው ግልጥ ዝልግልግ ደግሞ ለቆዳ የሚሆነው ነው። ብርጭቆ ውስጥ የሚያልፉት ደቂቃዎች ሁለቱን ይለያሉ። ያችን ትዕግሥት የዘለለ ሰው ማሳከክ ሊያተርፍ ይችላል።

በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ይበቃል። የተረፈውን በማቀዝቀዣ ለጥቂት ቀን፣ በበረዶ መሥሪያው ውስጥ ደግሞ ለበለጠ ጊዜ ማቆየት ትችላላችሁ። ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጣሉት።

6. የሚችለውንና የማይችለውን ለዩ

እሬትን ስለምወደው የማይችለውን ይችላል ብዬ አላሞካሸውም። የሚያከብሩትን ነገር በልኩ ነው የሚያመሰግኑት።

ኩሽና ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፦ አክምባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ የእጅ አንጓን ይለበልባል። ቆዳው ቀላ፣ አቃጠለ፣ ግን ውሃ አልቋጠረም እንበል። በመጀመሪያ እጃችሁን ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አቆዩት። ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ቆዳው ከበረደ በኋላ ንጹሑን የእሬት ዝልግልግ በስሱ ቀቡት። ያበርዳል፣ ያለዝባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታይላንድ ተመራማሪዎች በ371 ታካሚዎች ላይ የተደረጉ አራት ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ በእሬት የታከሙ ቀላልና መካከለኛ ቃጠሎዎች ከሌሎቹ በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ቀድመው መዳናቸውን አሳይተዋል። ጥናቶቹ የተለያየ ዓይነት እሬት ስለተጠቀሙ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ግን እናቶቻችን በከንቱ እንዳልደከሙ ይናገራል።

ፎረፎር የሚያስቸግራችሁም ተስፋ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት ከባድ ፎረፎር በሚያመጣው የራስ ቆዳ መቆጣት ላይ ከእሬት የተሠራ ቅባት እሬት ከሌለበት የማስመሰያ ቅባት ይልቅ ማሳከኩንና ቅርፊቱን እንደቀነሰ አሳይቷል። ለደረቀ ቆዳና ፀሐይ ላቃጠለው ፊትም ማለዘቢያነቱ ጥሩ ነው፤ ፀሐይን መከላከያ ግን አይደለም። ሁልጊዜም ከመጠቀማችሁ በፊት በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ካሳከካችሁ ወይም ከቀላ ለእናንተ አይሆንም።

አሁን ደግሞ የሚቆምበትን ድንበር እንይ። ውሃ የቋጠረ ሰፊ ቃጠሎ፣ ፊትን የነካ ቃጠሎ፣ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ፣ የሕፃን ቃጠሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ እሬት አይወሰድም። ጥልቅ ቁስልም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ አንድ ጥናት የሆድ ቀዶ ሕክምና ቁስላቸው ላይ የእሬት ጄል የተደረገላቸው ሴቶች ለመዳን በአማካይ 83 ቀን ፈጀባቸው፤ በተለመደው ሕክምና የቆዩት ግን በ53 ቀን ድነዋል። ላይ ላዩን ለተለበለበ ቆዳ የሚረዳው ነገር ጥልቅ ቁስል ላይ አዘገየ ማለት ነው።

እቤት የቆረጣችሁትን እሬት አትጠጡ። ቢጫው ፈሳሽ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል፣ ያቆራርጣል፤ ሲደጋገም ከሰውነት ውስጥ ፖታሲየምን ያሟጥጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ከእሬት ፈሳሽ የተሠሩ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶችን ከገበያ አስወጥቷል፤ አምራቾቹ የሚፈለገውን የደኅንነት ማስረጃ ስላላቀረቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ከሙሉው ቅጠል የሚጨመቀውን ፈሳሽ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት መካከል መድቦታል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የኩላሊት ሕመምተኞች፣ ለስኳርም ሆነ ለልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን ከሌላው ሰው የበለጠ ይጠንቀቁ። ድመትና ውሻ ያላችሁም ተክሉን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቢበሉት ይታመማሉ።

ድንበርን ማወቅ እሬትን አያሳንሰውም፤ እኛንም አያሳንሰንም። «ይህን እችላለሁ፣ ይህን ግን ባለሙያ ይየው» የሚል ሰው ስንት መከራ ያተርፋል! ወዳጃችሁን ማጽናናት ትችላላችሁ፤ ሕመሙ ከበረታ ግን ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ። ሥራችሁን ትችላላችሁ፤ ሕጉን ካላወቃችሁት ግን የሚያውቅ ጠይቁ። ችሎታ ሙሉ የሚሆነው ጫፉ ሲታወቅ ነው።

7. ልጆቹን አካፍሉ

በደንብ የተያዘ እሬት ከጎኑ ልጆች ያወጣል። ቅጠል ቆርጦ አፈር ላይ መሰካት ዋጋ የለውም፤ በአብዛኛው ይበሰብሳል። የሚበዛው በነዚህ ልጆች ነው። ልጅየው የራሱን ጥቂት ቅጠሎችና የራሱን ሥር እስኪያወጣ ጠብቁ። ከዚያ እናትየውን ከማሰሮው አውጡ፣ አፈሩን በጣታችሁ አራግፉ፣ ልጅየውን ከነሥሩ ለዩት። የተቆረጠበት ቁስል እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ ትከሉት። ከተከላችሁት በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ውሃ አትስጡት፤ ቁስሉ ይጥገግ፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ይውረድ።

እናትየው ልጆቿን ስታካፍል አትጎድልም። ማሰሮዋ ይሰፋላታል፤ አዲስ ልጅ ታወጣለች። ልጆቹን ሁሉ እዚያው ይዛ የቆየች ግን ተጨናንቃ ቅጠሏ ይሳሳል። የእውቀትም ሥራ እንዲህ ነው። የተማራችሁትን ሙያ አጠገባችሁ ላለው ወጣት አስተምሩ። የምታውቁትን የሥራ ማስታወቂያ ለሚፈልገው ላኩ። አዲስ ቤት ለገባ፣ አዲስ ላገባ፣ ከወሊድ ለተነሣች፣ ሰው አገር ብቻውን ለሚኖር አንድ የእሬት ልጅ በጣሳ አድርጋችሁ ውሰዱለት። አብራችሁም ያችን ምክር ስጡ፦ ውሃ አታብዛበት።

ከቅዳሜ ጀምሩ

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዕቅድ አውጡ አልላችሁም፤ ዕቅድ በቂ አለን። የምላችሁ ይህን ነው። የፊታችን ቅዳሜ አንድ የእሬት ልጅ አግኙ፤ ከጎረቤት ይሁን ከችግኝ መሸጫ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ፈልጉ፣ አሸዋና አፈር ቀላቅሉ፣ ትከሉት፣ ብርሃን ወዳለበት አስጠጉት። በዚያው ቀን ደግሞ ከዓመታዊ ዕቅዳችሁ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጡና ሳምንታዊ ልኩን ወስኑለት፦ ስንት ገጽ፣ ስንት ብር፣ ስንት ሰዓት። ከዚያ በላይ እንዳታደርጉ፤ ከዚያም እንዳታንሱ። እሬቱን ለማየት ጣታችሁን አፈር ውስጥ ባስገባችሁ ቁጥር የዕቅዳችሁንም አፈር ንኩ፦ ደርቋል ወይስ ገና ርጥብ ነው? ከደረቀ በደንብ አጠጡት፤ ርጥብ ከሆነ ታገሡት።

ብዙ ሰው ሲወድቅ ያየነው የማይችል ሆኖ አይደለም፤ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማድረግ ሞክሮ ነው። እናንተ ግን ትችላላችሁ፤ በልኩ መስጠትና በጊዜው መቁረጥ ከተለማመዳችሁ ዘንድሮ የጀመራችሁት ለከርሞ ይተርፋል፣ ከእናንተም አልፎ ለሌላ ሰው መስኮት ይደርሳል። እንግዲህ ጣሳውን አዘጋጁ!